ክር የታሰረበት ጠርሙስ

ዳምጤ በእግሩ ጣቶች ቆሞ ከሚስቱ ራስጌ የተሰቀለውን የደም ጠርሙስ አየ። ጠርሙሱ አንገት ላይ ጠዋት ያሰረው ክር የለም። ዓይኑን ጠርጎ ደግሞ አየ። የለም። ደሙ ጠብ ጠብ ይላል፤ የማን ደም እንደሆነ ግን እግዜር ይወቅ።

«ብያለሁ እኮ» አለ ለራሱ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

ሚስቱ ሣህሊቱ አልሰማችውም። በዚያ በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን ከአርማጭሆ በእግር ሲሰደዱ፣ የሱዳንን ድንበር እንደተሻገሩ ቁረይሻ ላይ ከማሽላ እርሻ ዳር ወለደች። ሕፃኑ ሳያድር ሞተ፤ የእሷም ደም አልቆም ብሎ ይኸው ሦስተኛ ቀኗ ነው። ገዳሪፍ ያደረሳቸው የማሽላ ጫኝ መኪና ነው። ሐኪሙ ዛሬ ጠዋት አይቷት ደም ካላገኘች ለነገ አትደርስም ብሎታል።

ዳምጤ ደም መስጠቱን አልፈራም። የፈራው ቤቱን ነው። ሆስፒታሉ የሁለት ጌታ ቤት ነዋ! ግድግዳውና ሐኪሙ የመንግሥት፣ ጄኔሬተሩ፣ የደም ማቀዝቀዣውና የምርመራ ክፍሉ ደግሞ የአንድ የሰሊጥ ነጋዴ። ሁለቱ በተዋዋሉት መሠረት ስደተኛው በነፃ ወለል ላይ ይተኛል፤ ከሸራው መጋረጃ ማዶ ደግሞ ከፋዩ ማራገቢያ እየዞረለት አልጋ ላይ ይተኛል። ወድ ኤል ሒለው የስደተኞች መጠለያ ሁለት ዓመት የከረሙ አንድ ሽማግሌ ደጁ ላይ አግኝተውት፣ «ልጄ፣ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል ነው፤ መንግሥት ቢያጣ ነጋዴው አለ» ብለው አጽናንተውት ነበር። ዳምጤ አልተጽናናም። ነጋዴ ለድሃ ብሎ ማቀዝቀዣ ሲገዛ የት አይቶ ያውቃል? የስደተኛ ደም ካርቱም ድረስ ይሸጣል ሲባልም በመንገድ ሰምቷል።

ስለዚህ ጠዋት ደም ሊሰጥ ሲጋደም ዘዴ አበጀ። የምርመራ ክፍሉ ሠራተኛ ፕላስተር ፍለጋ ዞር ሲል፣ ከአንገቱ ማተብ አንዲት ጥቁር ክር መዘዘና በባዶው ጠርሙስ አንገት ላይ ቋጠራት። ሰውየው ሲመለስ ክሯን አያት፤ ዳምጤንም አየና ሳቀ። አልፈታትም። ያች ሳቅ ናት ቀኑን ሙሉ ዳምጤን ስትበላው የዋለች። ሌባ ካልሆነ ምን ያስቀዋል?

አሁን ሸራውን ገለጠና ወደ ከፋዮቹ ገባ። የሚከለክለው አልነበረም። መስኮቱ ሥር ካለው አልጋ ላይ እጇን ሂና የሞቀች ሴት ተኝታለች። ከራስጌዋ የደም ጠርሙስ ተሰቅሏል፤ በጠርሙሱ አንገት ላይ ጥቁሩ ክር አለ።

 ወዲያው ያች የቀረችው ደሙ ፈላችና እጁን ወደ ጠርሙሱ ሰደደ።

ከአልጋው አጠገብ ቢጫ ሙሰበሃውን፣ የጸሎት መቁጠሪያውን፣ እየቆጠረ የተቀመጠው ባለ ጀለቢያ ብድግ ብሎ እጁን ያዘው። ኢስሃቅ ይባላል፤ ገላባት ላይ ሱቅ አለው፤ የተኛችውም ሚስቱ ራዲያ ናት።

«አንት ሰው፣ ምን ልታደርግ ነው?» አለው፤ አማርኛው ጥርት ያለ ነው።

«ደሜን ልወስድ። ክሩ የኔ ነው። ለሚስቴ የሰጠሁትን ለናንተ ሸጡት፤ እሷ ወዲያ ትሙት!»

ኢስሃቅ እጁን አልለቀቀም። ክሩን አየ፤ የዳምጤን ማተብ አየ፤ ፊቱ ተለወጠ።

«እኔም ለራዲያ ሰጥቻለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ይሄ ያንተ ከሆነ የኔስ የት ገባ?»

ድምፅ ሰምታ ነርሷ ኢንቲሳር መጣች። እናቷ ጎንደሬ ናቸው፤ እሷ ያደገችው እዚሁ ገዳሪፍ ነው። መጀመሪያ የዳምጤን እጅ ከጠርሙሱ አራቀች፤ ቀጥላ ሁለቱንም ተቆጣች።

«ያ አሚ፣ አጎቴ ስማኝ። ያንተ ደም ለሚስትህ አይስማማትም፤ ቢገባባት ይገድላታል። ለራዲያ ግን ተስማማ። የሱ ደግሞ ለራዲያ እንቢ አለ፤ ለሣህሊቱ ሆነ። ለዋወጥናችሁ፣ ኸላስ፣ በቃ።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁንም?» አለ ኢስሃቅ።

«ብንነግራችሁ ትሰጡ ነበር?»

 ኢንቲሳር የራዲያን ጠርሙስ አስተካክላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ዳምጤ እጁን አስለቀቀና ወደ ወለሉ ተመለሰ። አፍ ያለው ሁሉ ያወራል፤ የሰሊጡ ነጋዴ ደመወዝ የሚሰፍርላት ልጅ ሌላ ምን ልትለው ኖሯል? ሸራውን ሲያልፍ ግን ልቡ ፈራ፤ አሁን የፈራው እውነት ቢሆንስ ብሎ ነው። ቅድም እጁ ቢቀድም ኖሮ የሰው ሚስት ገድሎ ነበር።

ሣህሊቱ ዓይኗን ገልጣለች። ውሃ አለችው። በጨርቅ ከንፈሯን አራሰላትና ቀና ብሎ ጠርሙሱን አየ። ቅድም ያየው ከወዲህ በኩል ብቻ ነው፤ የፈለገውም ክር ብቻ ነበር። አሁን በግድግዳው በኩል ዞረ። በጠርሙሱ አንገት ላይ፣ ከፕላስተሩ ሥር፣ አንዲት ቢጫ የሙሰበሃ ፍሬ በቀጭን ሲባጎ ታስራለች።

ዞር ሲል ኢስሃቅ ሸራውን ገልጦ ቆሟል። ሙሰበሃው በእጁ ነው፤ መቁጠሩን ትቶ በዓይኑ የጠርሙሱን አንገት ይፈልጋል። ዳምጤ ፍሬዋ እንድትታየው ጠርሙሱን ቀስ አድርጎ አዞረለት።