«ዋጋውን አንተ ጥራ»

«ጋሼ፣ ዝቅ አድርገው ይገምቱት... ያው የሚኖሩት እኔ ግቢ ነው።»

ይህን ጆሯቸው ስር ሹክ ያለው ታላቅ ወንድም ነው።

ሽማግሌው መካኒክ መፍቻቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ...

ነገሩ እንዲህ ነው። አባት ሲሞት አንድ ያገለገለ የእርሻ ትራክተር ለወንድና ለሴት ልጁ ትቶ ሄደ። መስማማት አቃታቸውና ለጨረታ ወጣ። ገማች ሆነው የተጠሩት ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያንን ትራክተር ሲጠግኑ የኖሩት የአባት ወዳጅ ናቸው።

ጠዋት ሁለቱም የጨረታውን ደንብ ፈርመዋል። እህት ከላይ እስከ ታች ስታነብ ወንድምዬው «ልብ ወለድ አደረግሽው እንዴ?» ብሎ አሾፈባትና ሳያይ ፈርሞ ወጣ።

ሞተሩ ተነሳ... አስነጠሰው፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ጠፋ።

ሊገዙ የመጡት ሁሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ። ወንድምና እህት ብቻ ቀሩ።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩ። ናፍጣ የሚገፋው ፖምፓ ዝገት የበላው ሌላ ነው። አምና በገዛ እጃቸው የገጠሙት አዲሱ የለም። ብሎኖቹ ላይ የመፍቻ ጭረት ገና ያበራል...

ገባቸው። ወንድምዬው አዲሱን ፈትቶ ደብቆታል። ትራክተሩን በርካሽ ወስዶ መልሶ ሊገጥመው ነው።

አሁን እኚህ ሰው ምን ያድርጉ?

ቢናገሩ፣ አልጋ ላይ ከዋሉት ባለቤታቸው ጋር ነገ ሜዳ ላይ ናቸው። ዝም ቢሉ፣ ትራክተሩ ለወንድሟ ይሄድና የዚህች ልጅ መሬት ዘንድሮም ሳይታረስ ጦም ማደሩ ነው።

ወዲህ ገደል፣ ወዲያ ገደል።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ብሆን ዝም እል ነበር።

እሳቸው ግን ላባቸውን ጠረጉና፣ «የእኔ ዓይን ደክሟል። አንተ ስትነዳው ኖረሃል... ዋጋውን አንተ ጥራ» አሉት።

ወንድም ደስታውን መደበቅ አቃተው። አምስት መቶ ሺህ የሚያወጣውን ትራክተር «መቶ ሃምሳ ሺህ። እሱም ለአባቴ ክብር ስል ነው» አለ።

የጨረታው ጸሐፊ ጻፈና ወደ እህት ዞረ። «እሺ፣ እርስዎስ ምን መረጡ?»

«የምን ምርጫ?» አለ ወንድም።

ጸሐፊው የፈረመበትን ወረቀት አነበበለት። ወራሾች ብቻ ሲቀሩ አንዱ ዋጋ ይጠራል፤ ሌላው በዚያው ዋጋ ለመግዛት ወይም ለመሸጥ ይመርጣል።

ሽማግሌው ይህን ደንብ ሠላሳ ዓመት ያውቁታል...

«እገዛለሁ» አለች እህት። ልብስ ሰፍታ ያጠራቀመቻት ገንዘብ ለወንድሟ ድርሻ፣ ለግማሹ፣ ልክ ትበቃ ነበር።

ወንድም ምን ይበል? «ፖምፓውን ደብቄው ነው፣ ዋጋው አንሷል» ይበል?

በሳምንቱ የሽማግሌው በር ተንኳኳ። እህት የፖምፓውን ነገር ልታማክራቸው መጥታ ውስጥ ተቀምጣለች።

ወንድም ነው። በጆንያ የጠቀለለውን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ትራክተር በቀር የትም የማይገጥም ፖምፓ።

«ጋሼ፣ ይገምቱልንና ትግዛኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «አንተ ጥራ፣ እሷ ትምረጥ።»

ወንድም ጆንያውን ወደ እህቱ ገፋ አደረገው።

«በነፃ» አለ።

«እገዛለሁ» አለች እህት፣ እንባዋ እየወረደ።

ሽማግሌውም እስከ ዛሬ እዚያው ግቢ ናቸው። ስለ ቤቱ ዳግም ያነሳባቸው የለም።

ወዳጆቼ... ለሰው ጉድጓድ ስትቆፍሩ አታርቁት፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም። ትክክለኛ ዋጋ ማለት ብትሸጡበትም ብትገዙበትም የማታፍሩበት ነው።

እስቲ ሳትዋሹ ጻፉልኝ... የምታድሩበት ቤት በወንድምዬው እጅ ሆኖ፣ ፖምፓው መቀየሩን ፊት ለፊት ትናገሩ ነበር፣ እንደ ሽማግሌው ዘዴ ትፈልጉ ነበር፣ ወይስ እንደኔ ዝም?