የምናሴ ጫማ

የየግቢው አፈር ከተመዘገበ ወዲህ በሐዋሳ የት ዋልክ የሚል ሰው የለም። ጫማ ላይ የተጣበቀውን ጭቃ መመርመር ይበቃል፤ ውስጡ ያሉት ጀርሞች ከማን ግቢ እንደመጡ ይናገራሉ። ሰዉ ሁሉ በሩ ላይ የጫማ ማጠቢያ ሳፋ ያስቀመጠው ለዚህ ነው።

ባሌ ምናሴ ግን ጫማውን አጥቦ አያውቅም። አንድ ጊዜ የእህቱ ግቢ አፈር ተገኝቶበት ክፉኛ ተጣላን፤ ከዚያ ወዲህ እህቱ ጋ አይሄድም። አሁን ደግሞ የሚገባው እኔ ከተኛሁ በኋላ ነው። ሥራ በዛ ይላል። እኔ ግን ሐይቁ ዳር የምትኖረው ፍሬሕይወት ጋ እንደሚያመሽ ልቤ ነግሮኛል። እሱን ስታይ የምትስቀው ሳቅ ከጆሮዬ አይጠፋም።

ዛሬ ጠዋት ሻወር ሲገባ ጭቃውን በቢላ ፋቅኩት። ብልቃጥ ውስጥ ጨምሬ፣ ጀርሞቹን የሚያፈነዳውን ፈሳሽ አፍስሼ፣ ጁስ መፍጫው አጠገብ ባለው ማሽን አሽከረከርኩት። ነጭ ክር የመሰለው ዲኤንኤ ሲወጣ ለፍሬሕይወት የምላትን ሁሉ በአፌ አዘጋጅቼ ነበር።

የሐይቅ ደለል አልተገኘም። ማሽኑ ዲኤንኤውን አንብቦ ያወጣው አንድ አድራሻ ብቻ ነው፤ የራሳችን። ከአጥራችን ውጪ፣ ከመኝታ ቤታችን መስኮት ፊት ለፊት ያለው ዝግባ ሥር።

ምናሴ ፎጣ አገልድሞ ወጣና ብልቃጡን አየው። አልተቆጣም።

"እዚያ ቆመህ ምን ትሠራለህ?" አልኩት።

"የመኝታ ቤቱ መብራት እስኪጠፋ ነው የምጠብቀው" አለኝ።