ገጽ አሥራ አራት

«ይቺኛዋ ማኅተም አስቸገረችኝ» አለች ገላኔ፣ ፓስፖርቱን ከስካነሩ አንስታ ወደ መብራቱ እያስጠጋች። «መግቢያው ይነበባል፤ መውጫው ላይ ግን ቀለሙ ፈሶ ጠፍቷል። ገጽ አሥራ አራት።»

ፅጌረዳ ከወንበሯ አልተነሳችም። መካኒሳ አቦ አጠገብ ባለችው በዚህች ፎቶ ኮፒ ቤት ከተቀመጠች ሰዓት አልፏታል። ወንድሟ ሚሳኤል ካናዳ ዜግነት አመልክቶ፣ «ባለፉት አምስት ዓመታት ከዚህ አገር የወጣህበትን ቀን ሁሉ ከነምክንያቱ ዘርዝር፤ የአሮጌ ፓስፖርትህንም እያንዳንዱን ገጽ አምጣ» ተብሏል። አሮጌው ፓስፖርት ደግሞ ለአባታቸው ሙት ዓመት መጥቶ ትቶት በሄደው ሻንጣ ውስጥ ነው የተገኘው። ነገ ካልደረሰ ፋይሉ ይዘጋል።

«ፅጌዬ፣ ስካን አስደርገሽ ላኪልኝ ብቻ፤ በማንበብ አትድከሚ» ብሏታል ደጋግሞ። እሷም ለእኔ አስቦ ነው ብላ መርቃዋለች። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ አዝላ ያሳደገችው ልጅ አይደል፣ ምን ልትጠረጥር!

«መግቢያው መቼ ይላል?» አለች፣ ለወሬ ያህል።

«ኦክቶበር ሃያ ሁለት፣ ሁለት ሺህ ሃያ ሁለት።» ገላኔ የኤምባሲ ፎርም ስትሞላ የኖረች ናት፤ የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ መመለስ ለእሷ ውኃ እንደ መጠጣት ነው። «በእኛ ጥቅምት አሥራ ሁለት፣ ሁለት ሺህ አሥራ አምስት። በቦሌ ነው የገባው።»

«ተሳስተሻል። በአሥራ አምስት መጥቶ አያውቅም።»

«እትዬ ፅጌ፣ እኔስ ልሳሳት፤ ማኅተሙም ይሳሳታል?»

ፅጌረዳ ቀኖቹን በጣቷ ቆጠረች። አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት እያለች ሃያ አንድ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። አባቷ አቶ ገብረ መድኅን ያረፉት በዚያው ዓመት፣ ጥቅምት ሃያ አንድ፣ በማርያም ዕለት ነው። ዘጠኝ ቀን ሆነ።

እነዚያን ቀናት ሁሉ ሽማግሌው ከአልጋቸው ሆነው «በሩን አትዝጉት፣ ሚሳኤል ይመጣል» ሲሉ ነበር። የጥቅምት ብርድ አጥንት ይሰብራል። ቢሆንም ቃላቸውን መጣስ አልሆነላትም፤ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ጋቢ ደርባባቸው እግራቸው ሥር ታድር ነበር። ሚሳኤልማ በስልክ «ፈቃድ ከለከሉኝ፣ ምን ላድርግ» እያለ ያለቅሳል። የቀብሩ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ስልኩን ከአባቱ ፎቶ ጎን አቁመውለት በቪዲዮ ተንሰቀሰቀ። እዚህ ጠራራ ፀሐይ ነው፤ እሱ «እዚህ ሌሊት ነው» ብሎ መጋረጃውን ዘግቶ፣ መብራት አብርቶ ነበር።

መጋረጃው ትዝ ሲላት የሚሳኤልን ቁጥር አውጥታ ለገላኔ አሳየቻት።

«ደውዪለት» አለች። «መውጫውን ጠይቂው። እኔ እንዳለሁ እንዳትነግሪው።»

ገላኔ ስልኳን ስፒከር ላይ አድርጋ ማሽኑ ላይ አስቀመጠችው። መስመሩ እንደ ወትሮው እየተቆራረጠ ተነሳ።

«አቶ ሚሳኤል፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ነው። ገጽ አሥራ አራት ላይ የወጡበት ቀን አይነበብም። ፎርሙ ላይ ስንት ብለው ሞሉት? ከሥሩ እንድጽፍልዎ።»

ሚሳኤል ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ፅጌ አጠገብሽ አለች?»

ገላኔ ቀና ብላ አየቻት። «ወጣ ብለዋል።»

«ኖቬምበር ስምንት በይው። እህቴ፣ አደራሽን፣ ለእሷ ቀኑን እንዳትነግሪያት። የጓደኛዬ የጆኒ ሠርግ ነበር፣ ሚዜው ነበርኩ። ሠርጉ እዚያው ሀይሌ ጋርመንት ነው... አባባ ታሞ ነበር፤ አንዴ እቤት ከገባሁ መውጫ አልነበረኝም። ሳልስት፣ አርባ ሲባል ቀኔ ይቃጠላል። ከአገር የወጣሁበት ቀን በበዛ ቁጥር ዜግነቱ ይርቅብኛል፣ ገባሽ?»

ሀይሌ ጋርመንት! የአንድ ታክሲ መንገድ። ገላኔ ወረቀት ላይ «ጥቅምት ሃያ ዘጠኝ» ብላ ጽፋ አሳየቻት፤ ከቀብሩ በኋላ ነው የሄደው።

«ገባኝ» አለች ገላኔ፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ። «ምክንያት በሚለው ላይስ ምን ብለው ሞሉ?»

«ቤተሰብ ጥየቃ።»

ፅጌረዳ ተነሳች። ወደ ማሽኑ ጎንበስ አለች።

«ማንን ጠየቅህ?»

«ፅጌ? ፅጌዬ... ስሚኝማ...»

«ዘጠኝ ቀን በር ከፍተን ጠበቅንህ። አባባ ዓይኑን ከበሩ ሳይነቅል ነው የሞተው። እና አንተ ማንን ነው የጠየቅኸው?»

ሚሳኤል የሆነ ነገር ጀመረ፤ ማልቀስም ይመስላል። ገላኔ እጇን ኪቦርዱ ላይ እንዳደረገች በሹክሹክታ «እትዬ ፅጌ፣ አሥራ አራትን ልተዋት? እሷ ከጎደለች አይቀበሉትም» አለች።

እውነት ለመናገር ፅጌረዳ ልቧ ከጅሏል። ትንሽ ቆማ የወንድሟን የድሮ ፎቶ ከፓስፖርቱ ላይ አየች። ቅንድቡ የአባቷ ነው።

«ላኪለት» አለች። «አንዷም ገጽ እንዳትቀርበት። እዚያ እንዳልነበረ ይወቁለት፤ እዚህ እንዳልነበረ እኔ አውቃለሁ።»

«ፅጌ... አይሰማ... ኔትወርኩ... ይቆራረጣል...»

ስልኩን ከማሽኑ ላይ አንስታ ወደ አፏ አስጠጋችው።

«የቀብሩ ዕለት አልተቆራረጠም ነበር እኮ» አለችው። «ጥርት፣ ኩልል ብሎ ነው የገባው። ለቀስተኛው ሁሉ "እዚሁ መካኒሳ ያለ ነው የሚመስለው" እያለ ሲደነቅልህ ነበር።»