ለአገኘሁ የታዘዘ ምግብ

ጤና ጣቢያ የሄዱት ለእሌኒ ነበር። የዘጠና አንድ ጥር ሊያልቅ ሲል፣ ደባርቅ ወፍጮ ቤት ወረፋ ስትጠብቅ ራሷን ስታ ወደቀች። ባሏ አገኘሁ ደግፎ ወሰዳት። ነርሷ ደም ወሰደችና ውጪ ጠብቂ አለቻት። አገኘሁም፣ ከመጣሁ አይቀር እኔም ልታይ ብሎ ገባ፤ ቆየም።

ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«አንቺስ ድካም ነው አሉ» አላት። «የባሰው እኔ ላይ ነው። ልብህ ደክሟል፣ ደምህም አንሷል ብለውኛል።»

መንገድ ላይ የታዘዘለትን ነገራት። እንቁላል፣ ወተት፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሲገኝም ሥጋ። ጨው ቀነስ ይደረግ። ድንጋጤ እንዳይደርስበት። ብቻውንም እንዳይበላ፤ ብቻውን የሚበላ በሽተኛ ሁለቴ ጎርሶ ይተወዋል ተብሏል። እሌኒ ይኸኛው ትእዛዝ የሐኪም አይመስልም ብላ በሆዷ ሳቀች። ወንድ ሲታመም መሞላቀቅ ይወዳል።

ድንጋጤ የተባለው ግን አሳሰባት። አንድ ልጃቸው አንሙት ባድሜ ግንባር ነው።

ወዲያው ሁዳዴ ገባ። አገኘሁ በዕድሜው ጾም ገድፎ አያውቅም። የንስሐ አባታቸው ቄስ ገብረ ኪዳን ግን ቤት ድረስ መጥተው ፈቱለት።

«አንቺም አብረሽው ብዪ» አሏት። «ሚስቱ እየጾመች እህል አይወርድለትም። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።»

እሌኒ ከቅበላ የተረፈውን ሥጋ ቋንጣ አድርጋ ሰቀለች።

በጾሙ አጋማሽ ምስር ረክሷል ሲባል ሰምታ በአውቶቡስ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ሄደች። እዚያ ያርጋልን አገኘችው። የአንሙት አብሮ አደግ ነው፤ አብረው ነው የዘመቱት። በክራንች ቆሞ ወደ ጎንደር ሆስፒታል የሚወስደው መኪና ይጠብቃል። ሲያያት አንገቱን ደፋ።

«እትዬ እሌኒ፣ የአንሙትን ነፍስ ይማር» አላት። «መርዶው ቤታችሁ መድረሱን ነግረውኛል።»

«አሜን» አለች።

ምስሩ ስንት እንደሆነ ነጋዴዋን ጠየቀች። አሰፈረች፤ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። ያርጋል ስለ መርዶው የሰማው ስህተት ነው፤ ቤታቸው የደረሰ መርዶ የለም። ይህን ግን አልነገረችውም። መኪናው መጣና ሄደ።

ስትመለስ አላለቀሰችም። አውቶቡሱ ዳባትን ሲያልፍ ስለ አገኘሁ ልብ ታስብ ነበር። ይህን ዛሬ ቢሰማ ይሞትባታል። አንዱን ሳትቀብር ሌላውን ልትቀብር ነው። እስኪጠነክር ድረስ ሆድ ይፍጀው አለች። ሲጠነክር እሷው ራሷ ቄስ ገብረ ኪዳንን ትለምናለች፤ እንደ ወጉ በማለዳ መጥተው ያረዱታል።

ከዚያ በኋላ ሥራዋ ማብሰል ብቻ ሆነ። ጠዋት የገብስ ገንፎ በቅቤ፣ ቀን ምስርና ጎመን፣ ማታ እንቁላል ወይም ቋንጣ። ጨው ትጨምር አትጨምር አታውቀውም፤ ምላሷ እንጨት ሆኗል። ደግነቱ አገኘሁም አንድ ቀን በዛ ወይም አነሰ ብሏት አያውቅም። ድሮ ገና ከድስቱ ሽታ ወጥ የሚያርም ሰው ነበር። በሽታው አመሉን ገራለት አለች።

ቋንጣውንና የእንቁላሉን አስኳል እየመረጠ ያጎርሳታል።

«ይኼን ካልጎረስሽ እኔም በቃኝ» ይላል።

እሱ እንዲበላ ትጎርሳለች። ለቀስተኛ እህል አልወርድ ሲለው አገሬው «የሞተ ተጎዳ» እያለ ያስቀምሰዋል። ለእሌኒ ይህን የሚላት ሰው ስለሌለ ለራሷ እያለች ትውጣለች። የምትውጠው አፈር አፈር ይላል።

አገኘሁ ስለ አንሙት መጠየቅም ተወ። ቀድሞ ከጎንደር የመጣ ሾፌር ሁሉ ያስቆም ነበር። አሁን ሬዲዮውን እንኳ ዘግቶ ከአልጋ ሥር አስገባው። ድንጋጤ ተከልክዬ የለ አለ። እሌኒ እግዚአብሔርን አመሰገነች።

አንድ ቀን ጎረቤቷ የሺወርቅ አገጯን ይዛ ጉንጭሽ ሞላ፣ ፊትሽ ወዝ አገኘ አለቻት። ደስ ብሏት ነበር ያለችው። እሌኒን ግን እፍረት ገደላት። ልጇ አፈር ገብቶ እሷ ትወፍራለች። ቤት ገብታ ለማልቀስ ተቀመጠች፤ እንባ አልመጣም። ተነስታ ድስት ጣደች።

ፋሲካም ዳግም ትንሣኤም አለፉ። አገኘሁ ለመታየት ሲሄድ አብረሽኝ ካልሄድሽ ብሎ ይዟት ሄደ። ነርሷ እግረ መንገዷን ከእሷም ደም ወሰደች። አገኘሁ ለውጤቱ ገብቶ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል።

«ደሙ ተስተካክሏል አሉ» አላት።

ወደ ቤት ሲመለሱ ከታመመ ወዲህ የያዘውን ምርኩዝ በብብቱ ይዞ ከፊት ከፊቷ ሄደ። እሌኒ የምትፈራው ቀን መድረሱን አወቀች። ነገ ቄስ ገብረ ኪዳን ጋ እሄዳለሁ ብላ ተኛች።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ቄስ ገብረ ኪዳን ናቸው፤ ከኋላቸው የሰፈሩ ሽማግሌዎች፣ ከእነሱም ኋላ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች የሺወርቅ። እሌኒ ማን እንደነገራቸው አላወቀችም። አገኘሁ ለብሶ ቆሟል። ሲወድቅ ልትይዘው ሮጣ ከጎኑ ቆመች።

እሱ ግን ዞሮ ከኋላዋ ሆነና ሁለት ትከሻዋን ያዘ። ቄስ ገብረ ኪዳን ከእሷ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«እሌኒ ልጄ» አሏት፤ «አገኘሁ አሁን ጠንክራለች፣ ትችለዋለች ብሎ ልኮብን ነው የመጣነው።»