እርሾው የደረሰበት ቤት

ጉንፋን የሰውን ሳንባ ለእርሾና ለሻጋታ ክፍት አድርጎ መሄድ ከጀመረ ወዲህ፣ በሽተኛ ያለበት ቤት እርሾውን ለጎረቤት ያወጣል። የታመመም ሆነ ያስታመመ ሰው አርባ ቀን ሙሉ ቡሆ ካለበት አይደርስም። ብርቅነሽ ታማ ከዳነች በኋላ አርባዋን ጨርሳ፣ ለጎረቤት ያወጣችውን የእናቷን እርሾ ልታመጣ ወጣች።

ጎረቤቷ አስካለ ደጃፏ ላይ ሆና አዘነችላት። "እኔንም ያዘኝና ለጥሩወርቅ ሰጠኋት።"

ጥሩወርቅ ደግሞ ለቄሱ ቤት ሰጥታለች። ብርቅነሽ መጀመሪያ ተናደደች፤ ኋላ ግን ነገሩ ይገርማት ጀመር። እሷ ቤቷን ዘግታ ስትቀመጥ እርሾዋ ሰፈሩን ዞሮታል።

"ከዚያስ ወዴት ሄደ?" አለቻት የቄሱን ሚስት።

ሴትዮዋ መሬት መሬት አየች። "ታላቅ እህትሽ ዘንድ።"

እህትማማቾቹ በአባታቸው ተዝካር ላይ ከተኳረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ቢሆንም ብርቅነሽ የእናቷን እርሾ አትተውም፤ ሄደች።

እህቷ ዘውድነሽ የእርሾውን ጣሳ ደፍ ላይ አስቀምጣ ወደ ውስጥ ሸሸች። "ዛሬ ጠዋት ትኩሳት ጀመረኝ። ቶሎ ውሰጂው።"

"ማን ያስታምምሻል?"

"ማን አለኝ ብለሽ ነው?"

ብርቅነሽ ጣሳውን ከፍታ አሸተተች። የእናቷ ጓዳ ሸተታት። ከዚያ ክዳኑን ገጥማ በአጥሩ ላይ ለዘውድነሽ ጎረቤት አቀበለችና አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፈነች።

"ኧረ አንቺ ሴት፣ እንደገና አርባ ቀን እኮ ነው!" አለች ጎረቤቲቱ።

"እርሾው እንደሆነ መንገዱን ለምዷል" አለችና ገባች።