ዋናው ክኒን ለማን ነበር የደረሰው?

"ሻይ ላምጣልሽ" ብሎ ዞር ከማለቱ እጇ መደርደሪያው ላይ ደረሰ…

የእሱን ብልቃጥ መዳፏ ላይ ገለበጠች። ከቦርሳዋ ያወጣቻቸውን ክኒኖች ደግሞ በእሱ ብልቃጥ ውስጥ ጨመረች።

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል እንደሚባለው፣ አንዷ ክኒን አምልጣ ወንበር ሥር ገባች… ተንበርክካ ለቀመቻት።

ሻዩ ሲመጣ ቁጭ ብላ ፈገግ እያለች ነበር።

አትፍረዱባት… መጀመሪያ ስሙኝ።

ሰውየው የአባቷ የልብ ጓደኛ ነው። ጡረታ የወጣ ፀጉር አስተካካይ። አባቷ ደግሞ አናጺ ነበር።

ሁለቱም በእጃቸው የኖሩ ሰዎች… ሁለቱንም በስተርጅና እጅ የሚያንቀጠቅጥ በሽታ ያዛቸው።

አዲስ መድኃኒት የሚሞከርበት ክሊኒክ አብረው ተመዘገቡ። ዶክተሯ አልደበቀቻቸውም። ግማሹ ሰው ዋናውን መድኃኒት ይወስዳል፤ ግማሹ ደግሞ መልኩም ጣዕሙም ዋናውን የሚመስል፣ ውስጡ ግን ባዶ የሆነ ክኒን። ማን የትኛውን እንደያዘ እሷም አታውቅም፤ በዕጣ ነው።

አባቷ ሳቀና እኛ እኮ በዕጣ ቀንቶን አያውቅም አላት።

ብዙም ሳይቆይ ፀጉር አስተካካዩ ስኒውን ሳያፈስ መጠጣት ጀመረ። ፂሙን ራሱ ተላጨ።

አባቷ ግን ያው ነው… የሸሚዙን ቁልፍ የምትቆልፍለት እሷ ነች።

ልብስ ሰፊ ናት። ለስንቱ ሰው ቁልፍ ስትተክል ኖራለች… የአባቷን ስትቆልፍ ግን ቀና ብላ አታየውም። እሱም እሷን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

"ዋናው ለጓደኛው ደርሶት ነው… አባዬ የሚውጠው ባዶውን ነው" አለች ለራሷ።

ከዚያ ያደረገችውን አይታችኋል… የአባቷን ክኒን ለሰውየው፣ የሰውየውን ለአባቷ።

ቤት ገብታም ለአባቷ ሹክ አለችው። ከዛሬ ጀምሮ የምትወስደው ዋናው ነው፣ ከየት አወቅሽ ብለህ ግን አትጠይቀኝ አለችው። አልጠየቃትም።

ታምናላችሁ? አባቷ ተሻለው!

አንድ ጠዋት ሸሚዙን ራሱ ቆልፎ ከጓዳ ብቅ አለ… አንዱን ቁልፍ አዛንፎታል፣ ግን ማን ልብ ብሎት። በደስታ አለቀሰች።

ፀጉር አስተካካዩ ግን ባሰበት። ስኒው እንደገና ይፈስ ጀመር። ፂሙን መላጨትም ተወ።

ከዚያ በኋላ እረፍት የሚባል ነገር አጣች…

የደንበኛ እጅጌ ገልብጣ ሰፋች። ማሽኑ ላይ ትቀመጣለች፣ ትነሳለች፣ መስኮት ትከፍታለች፣ መልሳ ትዘጋዋለች። ሰውየውን መንገድ ላይ ካየችው አቋርጣ ትሄዳለች።

ልመልስለት ትላለች… የአባቷን ሸሚዝ ታይና ትተወዋለች።

ሙከራው አለቀና ውጤት ለመስማት ተጠሩ። አባቷ "አንቺው ሄደሽ ስሚልኝ፣ የእኔ ውጤት ይኸው" ብሎ እጁን ዘርግቶ አሳያት። ፀጉር አስተካካዩ ራሱ መጣ።

ዶክተሯ አንድ ላይ ልንገራችሁ ወይ ብላ ጠየቀች። እሺ አሏት።

"ለአባትሽም ለእሳቸውም የደረሳቸው ባዶው ነው" አለች።

ዋናውን ከወሰዱት መካከል የተሻላቸው አሉ። ባዶውን ከወሰዱትም ያንኑ ያህል ሰው ተሽሎታል። ስለዚህ መድኃኒቱ ይሠራል ማለት አልቻልንም አለቻቸው። በሽታው በራሱ ይነሳል፣ ይበርዳል፤ ተስፋም ለጊዜው እጅ ያረጋጋል… ማን ምን እንደያዘ ደብቀን የምንሞክረው ለዚህ ነው ብላ አስረዳቻቸው።

ልጅቷ ልትስቅ ምንም አልቀራት። ለካ ባዶን በባዶ ነው የለወጠችው… ምን ሌብነት አለበት? ትልቅ ሸክም የወረደላት ያህል ቀለላት።

ደረጃው ላይ ሲደርሱ ፀጉር አስተካካዩ ቆም አለ።

"ያን ቀን አይቼሻለሁ" አላት።

የደረጃውን መደገፊያ ያዘች።

"ዕድሜዬን ሙሉ ሰው በመስታወት ሳይ የኖርኩ ነኝ። ጀርባዬን ብሰጥሽም ፊት ለፊቴ መስታወት ነበር።"

"ጋሼ… ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"

"አባትሽ ሸሚዙን ራሱ ቆልፎ መጣ። ምን ብዬ ልንጠቀው?"

አንድ ደረጃ ወረደና…

"ዋናው ከእኔ ሄደ ብዬ ተቀበልኩ። እጄም ያንኑ አመነ መሰለኝ።"

የሚንቀጠቀጥ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገና አብረው ወረዱ።

ቤት ስትደርስ አባቷ በር ላይ ቆሞ እየጠበቃት ነው። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ድረስ ቆልፏል።

"እህ… የእኔ ዋናው ነበር አይደል?"

ወዳጆቼ… ጎረቤት ስለተሻለው መድኃኒት ሠራ አይባልም፤ ዓይን ደግሞ ማየት የፈለገውን ያያል። ባዶ ክኒን ሰርቃም ቢሆን ይህች ልጅ የሰው ተስፋ ወስዳለች። ያ ሰውዬ ደግሞ ዋናው ነው ብሎ ያመነውን እያየ ለጓደኛው ተወለት… እኔ እንዲህ ያለ ጓደኛ የለኝም፣ ስጽፈውም ቀናሁ።

አሁን ጥያቄው…

እውነቱን ብትነግረው እጁ መልሶ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ብትዋሸው ደግሞ ነገ "ያንን መድኃኒት ፈልጊልኝ" ይላታል።

እናንተ በሩ ላይ ብትሆኑ አባታችሁን ምን ትሉት ነበር? 👇