የታሰረ ሁሉ ይፈታ

ኡራኤል ዓይን አፋር ነበር። ትንሽ ዝም የሚል ልጅ ማለት ብቻ አይደለም። የሒሳብ አስተማሪው ዓመቱን ሙሉ «ራፋኤል» እያለ ሲጠራው፣ ከማረም ይሻላል ብሎ በሌላ መልአክ ስም «አቤት» ሲል የከረመ ልጅ ነው። ምግብ አዝዞ የማይወደውን የዓሣ ሳንድዊች ቢሰጡት «ታንክ ዩ» ብሎ ይበላል።

እናቱ የዓለምዘርፍ የበሽታውን ስም ካወቀችው ቆይታለች።

«ዓይነ ጥላ ነው» ትላለች፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርትመንታቸው ውስጥ ጸበል እየረጨችው። «እኔስ እንዳንተ አልነበርኩም? ማኔጀሬ ሲያመናጭቀኝ መሬት መሬት አልነበር የማየው? አሁን ማን ይችለኛል!»

እውነቷን ነው። አምና፣ ማተቤን ልብስ ማጠቢያው በላብኝ ባለች ሰሞን፣ ድንገት አንደበቷ ተፈታ። ማኔጀሯን ልክ አስገባችው። በቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ማይክ ይዛ አልለቅም አለች። ምን ተገኘ ሲሏት «ጸበል ነዋ!» ትላለች።

ኡራኤልም ጸበሉን ጠጣ፤ ተጠመቀ። ያገኘው ለውጥ ጉንፋን ብቻ ነበር።

አሁን ደግሞ የስኮላርሺፕ ኢንተርቪው ደረሰበት። የማያውቃቸው ሰዎች ፊት ቀርቦ ስለ ራሱ መናገር አለበት። ካልተናገረ ኮሌጅ ቀረ ማለት ነው።

በትምህርት ቤቱ የባህል ቀን አንድ የሞንጎሊያ ሻማን መጥቶ ነበር። ከበሮ እየመታ ከአያቶቹ መናፍስት ጋር የሚነጋገር ሽማግሌ ነው። የታሰረ አንደበትም እንደሚፈታ ሴት ልጁ ኦዩና እያስተረጎመች ተናገረ። ኡራኤል ሊጠይቅ እጁን አነሣ። ሽማግሌው ዞር ብሎ ሲያየው ጊዜ ግን ያነሣውን እጅ ጭንቅላቱን አከከበት። የሽማግሌውን አድራሻ ግን ሸመደደ።

ቅዳሜ ጠዋት «ስተዲ ግሩፕ አለኝ» ብሎ የእናቱን መኪና ተዋሰ። እውነቱን ብታውቅ «ጠንቋይ ቤት!» ብላ የሜሪላንድን ቀሳውስት በሙሉ መቋሚያ አስይዛ ታሰልፍበት ነበር። ጂፒኤሱ ላይ የሽማግሌውን ከተማ «አሌክሳንድሪያ» ብሎ መጻፍ ሲጀምር መኪናው የመንገዱን ስምና የቤቱን ቁጥር ራሱ ጨረሰለት። ሰይጣን መቼም ለሥራው ፈጣን ነው ብሎ አማተበና ቤልትዌይ አውራ ጎዳና ገባ።

በሩን የከፈተችው ኦዩና ናት። በትከሻው በኩል አሻግራ መኪናውን አየች።

«ብቻህን ነህ?»

ኡራኤል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ሰው የሚበሉ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንን ይመስለዋል። «አዎ» ለማለት ራሱን ነቀነቀና ስለ ኢንተርቪውና ስለ ታሰረ አንደበቱ የጻፈባትን ወረቀት ሰጣት።

ሽማግሌው ሰማያዊ ካባ ለብሶ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ጨው የገባበት የወተት ሻይ ሰጡት። አልወደደውም፤ ስለዚህ ሁለት ስኒ ጠጣ። ከዚያ ከበሮው ተመታ። ድምፁ የቤተ ክርስቲያኑን ከበሮ አስታወሰው፤ ዘመዳሞች ሳይሆኑ አይቀሩም ብሎ ትንሽ ተጽናና። ወዲያው ከበሮው ቆመ።

«አባቴ የታሰረ ሁሉ ይፈታ ይላል» አለች ኦዩና። «ቋጠሮ ካለ መንፈሱ መግቢያ አያገኝም።»

ኡራኤል የጫማውን ክር ፈታ። ከበሮው ተመታ፤ እንደገና ቆመ። ሰዓቱን ፈታ። አሁንም ቆመ። ቀበቶውን ፈታና እንዳይወልቅበት ሱሪውን በእጁ ጨበጠ። ለኢንተርቪው ያስቀመጠው ክብር እዚያው አለቀ።

ሽማግሌው ጣቱን ወደ አንገቱ ቀሰረ።

«ይኼስ ምንድን ነው?» ብላ አስተረጎመች።

«ማተብ ነው» አለ በሹክሹክታ። «ክርስትና ስነሣ ነው የታሰረልኝ። ክርስቲያን መሆኔ የሚታወቅበት ነው።»

«ይፈታ።»

ኡራኤል ወደ መስኮቱ አየ። እናቱ ውጭ ቆማ ጣቷን የምትወዘውዝበት መሰለው። «ማተብህ ከሚበጠስ አንገትህ ይበጠስ» ስትለው በጆሮው ሰማት። በአንድ ወገን ኮሌጅ፣ በሌላ ወገን ቀጭን ጥቁር ክር። እጁ እንደ ልማዱ ሊታዘዝ ወደ አንገቱ ሄደ። ክሩን ሲነካ ግን አጥብቆ ያዘው።

«አይሆንም!»

ማን እንደ ጮኸ ለማየት ዞር አለ። ከኋላው ማንም አልነበረም።

«እንግዲያው አንደበትህ እንደታሰረ መቅረቱ ነው» አለች ኦዩና።

«ይቅራ! እናንተስ በባህል ቀን ያሳያችሁን፣ ተራራው ዛፍ ላይ የምታስሩት ሰማያዊ ጨርቅ? እንግዳ መጥቶ ፍቱ ቢላችሁ ትፈታላችሁ? እኔም አልፈታም! ደግሞ ስሜ ኡራኤል ነው፤ ራፋኤል አይደለም! ሻዩም ጨው በዝቶበታል!»

ራፋኤል ያለው ሰው አልነበረም።

ኦዩና አንድም ሳታስቀር አስተረጎመች፤ ጨውን ጨምሮ። ሽማግሌው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ከበሮውን ግድግዳው ላይ ሰቀለና አንድ ነገር ተናገረ።

«ጨርቁን እኛም አንፈታውም ይላል። ለኢንተርቪውህም እንዲሁ ተናገር ይልሃል።»

ኡራኤል ቀበቶውን አሰረ። የተናገረውን ሲያስበው ጆሮው ድረስ ቀላ። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ትልቁ ፍርሃቱ ተመለሰበት።

«እባክሽን» አለ፣ «እናቴ እንዳትሰማ። ማተብህን ፍታ መባሌን እንኳ ብትሰማ ትገድለኛለች።»

ኦዩና መኪናውን እንደገና አየችው።

«እናትህማ አምና ስትመጣ ምንም አልተከራከረችንም» አለችው። «መቀስ ብቻ ነው የጠየቀችን።»